ሰውነቴ ተሳስሯል፣ በምን ልለካው በምንስ ላፍታታው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት አብረን ስፖርት የምንሰራ ጎረቤቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው የሰበሰብኩት፣ ከቀላሉ ይጀምራል።

ሰውነት መተጣጠፍ ሲባል ምን ማለት ነው? ስፖርተኛ ላልሆነ ሰውስ ምን ያረግለታል?

ዳሌ፣ ትከሻ፣ ቁርጭምጭሚት ምናምን፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሳያም እስከየት ድረስ ይሄዳል ነው ነገሩ። ሰው በጅምላ "ሰውነቴ ተሳስሯል" ይላል እንጂ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የየራሱ ነው፣ እስክስታ ላይ ትከሻው እንደ ልቡ የሚታዘዝለት ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ለክቶ ሙሉ ሰውነቴ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም።

ጥቅሙ ደሞ እግርን በልቅጦ መሬት ላይ ለመቀመጥ አይደለም። እኛ ከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች ሜክሲኮ ወይ ፒያሳ ለመድረስ ሀይገር ውስጥ ጉልበታችን ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ መንገድ ከተዘጋጋ ሁለት ሰአትም እንቀመጣለን፣ ቢሮ ገብተን እንደገና መቀመጥ፣ ማታ ስንመለስም ያው ነው። ዳሌውና ጉልበቱ ታጥፎ የሚውል ሰው ሌላውን እንቅስቃሴ ሰውነቱ ቀስ እያለ ይተወዋል። አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ይዞ መውጣት፣ ልጅ ከመሬት ማንሳት፣ ቁም ሳጥን ላይ ያለ ሻንጣ ማውረድ፣ ይሄ ሁሉ መተጣጠፍ ይፈልጋል።

ያለ ምንም ማሽን ቤት ውስጥ በምን እለካለሁ?

በልብስ ሰፊ ሜትር። ያቺ 150 ሴንቲ ያላት የጨርቅ ሜትር ትበቃለች። ልኬቱ ተቀምጦ ወደ ፊት መድረስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ዌልስና ዲለን የሚባሉ ሰዎች ያስተዋወቁት ሲሆን ጂም ቤትና ትምህርት ቤት ውስጥ በሳጥን ይሰራል፣ ቤት ውስጥ ግን ሳጥን አያስፈልግም። ሜትሯን መሬት ላይ ዘርግታችሁ በፕላስተር ለጥፏት፣ ዜሮዋ ወደ እናንተ ትሁን፣ 38 ሴንቲ ላይ ሌላ ፕላስተር አግድም ለጥፉ። ጫማ አውልቃችሁ ሜትሯን በሁለቱ እግሮቻችሁ መሃል አርጋችሁ ተቀመጡ፣ ተረከዛችሁ አግድሙ ፕላስተር ላይ፣ በእግሮቻችሁ መሃል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ክፍተት ይኑር። አንዱን እጅ ባንዱ ላይ ደርባችሁ የመሃል ጣቶቻችሁን እኩል አርጉና ትንፋሽ እያወጣችሁ ቀስ ብላችሁ ሜትሯ ላይ ወደ ፊት ሂዱ፣ የደረሳችሁበት ላይ ሁለት ሰከንድ ቆዩ። መወርወር የለም፣ ጉልበት ማጠፍ የለም። ሶስቴ ሞክራችሁ ትልቁን ያዙ።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ሰውነት መሞቅ አለበት፣ አምስት አስር ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ደረጃ ሶስት አራት ጊዜ መውጣት መውረድ። እኔ የመጀመሪያ ቀን የደረስኩት 27 ላይ ነው፣ ማለትም ከእግሬ 11 ሴንቲ ቀርቼ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ወጥ ቤት በር ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። እስካሁን እዛው አለ፣ ከስሩ 29፣ 30፣ እንደገና 30፣ 33 እያለ ይወርዳል። ያቺ ዝርዝር ባትኖር ኖሮ ሁለተኛው ወር ላይ እተወው ነበር፣ ምክንያቱም በአይን ምንም የተለወጠ አይመስልም።

ስንት ስደርስ ነው ጥሩ የሚባለው?

በዚህ አለካክ 38 ማለት ጣታችሁ ከውስጥ እግራችሁ ጋር እኩል ደረሰ ማለት ነው፣ ለዕለት ኑሮ እዛ አካባቢ ያለ ሰው ብዙ አይጨነቅ። ሴቶች በአብዛኛው ከወንዶች ይበልጣሉ፣ እድሜ ሲጨምር ይቀንሳል፣ እጁ አጠር እግሩ ረዘም ያለ ሰው ደሞ ያለጥፋቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣል። ለዚህ ነው ከጎረቤት ጋር አትወዳደሩ የምለው፣ ከራሳችሁ ያለፈ ወር ቁጥር ጋር ብቻ አስተያዩት። አንድ ነገር ደሞ እወቁ፣ ይሄ ልኬት በደንብ የሚናገረው ስለ ኋላ ታፋ ጡንቻ ነው፣ ስለ ወገብ የሚነግራችሁ ትንሽ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ስላመጣችሁ ወገቤ ታሟል ብላችሁ አትደንግጡ።

ትከሻና ቁርጭምጭሚትስ እንዴት ይለካል?

ለትከሻ፣ ቀኝ እጃችሁን በትከሻ በላይ ወደ ጀርባ አውርዱ መዳፉ ጀርባችሁን እንዲነካ፣ ግራውን ከስር ወደ ላይ አውጡ መዳፉ ወደ ውጪ እንዲሆን፣ ከዛ ሌላ ሰው በሁለቱ መሃል ጣቶች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ። ከተነካኩ ዜሮ፣ ካልደረሱ የጎደለው፣ ከተደራረቡ የተረፈው ይጻፋል። እጅ ቀይራችሁ ድገሙት፣ ሁለቱ ጎን መለያየቱ የተለመደ ነው። ይሄ ልኬት እድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች በተዘጋጀ የአቅም መፈተሻ ውስጥ ያለ ነው፣ ለምን ቢባል ጀርባን ማከክ፣ የሀበሻ ቀሚስ ዚፕ ከኋላ መዝጋት፣ ሸሚዝ መልበስ የሚቻለው በዚህ እንቅስቃሴ ነው።

ለቁርጭምጭሚት ግድግዳ ይበቃል። አንድ እግራችሁን ወደ ግድግዳ ቀጥ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበታችሁ ግድግዳውን ይንካ፣ ከነካ እግራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡና እንደገና፣ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት መንካት እስከቻለበት የመጨረሻ ቦታ። ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳ ያለውን ለኩ። አስር ሴንቲ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ከዛ በጣም ካነሰ ባታችሁ ወይም መገጣጠሚያው ታስሯል። ሁለቱን እግር አወዳድሩ፣ ሁለት ሴንቲና ከዛ በላይ ልዩነት ካለ ያኛው እግር ላይ ስሩ። ኮብልስቶን ላይ እግሩ ዞሮበት የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ልዩነቱን እዚህ ያገኘዋል፣ እብጠቱ ከጠፋ አመት አልፎትም ቢሆን።

ጠዋት ስለካና ማታ ስለካ ለምን ይለያይብኛል?

ኖርማል ነው። ጡንቻ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ የኛ ሰፈር ደሞ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግር መቆም ራሱ ፈተና ነው። ከዛ በላይ ግን በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ስንተኛ ውሃ ይስባሉ፣ ጠዋት ስንነሳ ያበጡ ናቸው፣ ለዚህ ነው ወገብ ጠዋት አልታጠፍም የሚለው። ከእንቅልፍ በተነሳችሁ በመጀመሪያው ሰአት ወገብ አጎንብሳችሁ በሃይል አትሳቡ፣ መለካትም ሆነ ጠንከር ያለ ማፍታታት ከሰአት ወይ ማታ ይሻላል። ሁሌም በተመሳሳይ ሰአት፣ በተመሳሳይ ማሟሟቂያ፣ በየሶስት አራት ሳምንቱ አንዴ ለኩ። በየቀኑ መለካት ተስፋ ያስቆርጣል እንጂ አይጠቅምም።

እሺ ከየት ልጀምር? በቀን ስንት ደቂቃ?

አስር አስራ አምስት ደቂቃ፣ ቢቻል በየቀኑ ባይቻል በሳምንት ሶስት ቀን። እያንዳንዱን አቋቋም ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያዙ፣ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ድገሙ፣ ለአንድ ጡንቻ ጠቅላላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንዲሞላ። ትልልቅ ሰዎች እስከ 60 ሰከንድ ቢይዙት ይሻላል። ትንፋሽ አይያዝም፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው ጡንቻውም አብሮ ይይዛል።

ተቀምጦ ለሚውል ሰው እኔ አራት ነገር እላለሁ። አንደኛው የኋላ ታፋ ነው፣ ስጋጃ ላይ በጀርባችሁ ተኙና ነጠላ ጠቅልላችሁ ውስጥ እግራችሁ ላይ አርጉ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ እግሩን ወደ ላይ ሳቡ፣ ሌላኛው እግር መሬት ላይ ይዘርጋ። ይሄ ቆሞ ከማጎንበስ በብዙ ይሻላል ምክንያቱም ወገብ አርፎ ታፋው ብቻ ነው የሚሰራው። ቀጥሎ የብሽሽት ፊት፣ ሀይገርና ወንበር የሚያሳጥሩት እሱን ነው፣ አንድ ጉልበት ትራስ ላይ ተንበርከኩ ሌላውን እግር ከፊት አርጉ፣ መቀመጫችሁን ጨበጥ አርጋችሁ ዳሌን ትንሽ ወደ ፊት ግፉ፣ ወገብ ወደ ኋላ ከታጠፈ ተሳስታችኋል። ባት በግድግዳ ይሰራል፣ እጅ ግድግዳ ላይ አንድ እግር ወደ ኋላ ተረከዙ መሬት ላይ። ደረት ደሞ የበር መቃን ላይ ክንድን አርጎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመድ ብቻ ነው።

ስግደት እሰግዳለሁ፣ ቁጢጥ ብዬ ልብስ አጥባለሁ፣ ይሄ አይበቃም?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለውን ሀብት አያውቀውም። ተረከዝ መሬት ነክቶ ሙሉ ቁጢጥ ማለት ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን አንዴ እስከ ጥጋቸው የሚወስድ አቀማመጥ ነው። እናቶቻችን በርጩማ ላይ ቡና እያፈሉ፣ ቁጢጥ ብለው ልብስ እያጠቡ ስላደጉ በ60 አመታቸው ያለምንም ስልጠና ይችሉታል፣ ሶፋና የቢሮ ወንበር ላይ ያደገው ልጃቸው ግን ሲሞክር ወደ ኋላ ይወድቃል ወይ ተረከዙ ይነሳል። እስኪ አሁን ሞክሩት፣ ተረከዝ ሳይነሳ አንድ ደቂቃ ቁጢጥ በሉ። ከቻላችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰራችሁ አታጥፉት፣ ካልቻላችሁ የበር እጀታ ይዛችሁ ወይ ተረከዝ ስር የተጣጠፈ ጨርቅ አርጋችሁ ጀምሩ፣ ጨርቁን በየሳምንቱ እያሳነሳችሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ግን በግድ አይውረዱ፣ እስከማያምበት ድረስ ይበቃል።

ስግደትም እንደዛው፣ በአቢይ ጾም አብዝቶ የሚሰግድ ሰው ዳሌውና ጀርባው ሲፍታታ ራሱ ያውቀዋል። ሶላት የሚሰግዱም ተንበርክከው የሚቀመጡት አቀማመጥ የፊት ታፋንና የእግርን ፊት በደንብ ይስባል። ግን ሁለቱም ላይ አንድ ነገር ይጎድላል፣ ጉልበት ሲታጠፍ የኋላ ታፋ ይላላል፣ ስለዚህ ተቀምጣችሁ ስትለኩ ቁጥሩ ላይጨምር ይችላል፣ ያንን በነጠላው ሙሉት። ስግደቱ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነውና እንደ ስፖርት ቁጠሩት ማለቴ አይደለም፣ ሰውነትም አብሮ ይጠቀማል ለማለት ነው።

ከስፖርት በፊት ነው የሚፍታታው ከስፖርት በኋላ?

ሁለቱም፣ ግን አይነቱ ይለያያል። ከሩጫና ከኳስ በፊት እየተንቀሳቀሱ ማፍታታት ነው፣ እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ ጉልበት ማንሳት፣ እጅ ማዞር። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆሞ ይዞ ወዲያው መሮጥ ወይ መዝለል የጡንቻውን ሃይል በጥቂቱ ይቀንሳል። ይዞ የሚቆዩበት ማፍታታት ከስፖርት በኋላ ወይ ማታ ይሁን። ብዙ ሰው ደሞ "ካላፍታታሁ ነገ ይቆረጣጥመኛል" ይላል፣ ኮክሬን የሚባለው የህክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም ይሄን አይቶት ማፍታታት በማግስቱ የሚመጣውን ህመም የሚቀንሰው እዚህ ግባ በማይባል መጠን መሆኑን ነው ያገኘው። እና ለእሱ ብላችሁ አትስሩ።

ሲያም ነው ወይ የሚሰራው? ሰው ከኋላ ቢጫነኝስ?

አይደለም። መሳብ ይሰማ፣ መቁረጥ አይሰማ። ከአስር ብትሰጡት አምስት ስድስት አካባቢ የሚሆን መወጠር፣ ፊታችሁ ሳይቋጠር ማውራት የምትችሉበት።

መጫን የሚባለውን ነገር እኔ በራሴ ላይ አይቸዋለሁ። የመጀመሪያው አመት ላይ ቶሎ 38 ልድረስ ብዬ ጓደኛዬን ከኋላ ተጫነኝ አልኩት፣ ደረቱን ጀርባዬ ላይ አርጎ እየቆጠረ ተጫነኝ፣ ስምንት ላይ ቀኝ ታፋዬ ስር፣ መቀመጫ አጥንቴ ጋ፣ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ አይነት ነገር ተሰማኝ። ለሶስት ሳምንት ደረጃ የወጣሁት ግራ እግሬን እያስቀደምኩ ነው፣ ሀይገር ላይ በአንድ ጎን ነበር የምቀመጠው። ከ33 ወደ 26 ወረድኩ፣ እዛው በሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ጓደኛዬ አላጠፋም፣ የኔን ጡንቻ እሱ ሊሰማው አይችልም፣ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ልጆቻችሁን ደሞ እባካችሁ አትጫኗቸው፣ ማርሻል አርትና ጅምናስቲክ ቦታ እያለቀሱ ሲለጠጡ የማያቸው ህጻናት ነገር ያሳዝነኛል።

በስንት ጊዜ ለውጥ አያለሁ?

አዘውትሮ ለሰራ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሜትሯ ላይ ይታያል። የሚገርመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ረዝሞ አይደለም፣ ነርቫችሁ ያንን ርቀት "አደጋ ነው" ማለቱን ስለሚቀንስ ነው የምትሄዱት፣ ማለትም መወጠሩን ትለምዱታላችሁ። ለዚህ ነው በሃይል የማይሰራው፣ ያስፈራችሁት ነርቭ መልሶ ያጠብቀዋል። ካቆማችሁም ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል፣ ግን እንደገና ስትጀምሩ ከመጀመሪያው ጊዜ ይፈጥናል።

ሁለት ወር ሰርቼ ቆመብኝ፣ ምን ልቀይር?

አጥብቆ መልቀቅ የሚባለውን ሞክሩ። ያንኑ የነጠላውን ስራ ስትሰሩ እግራችሁ መወጠር የጀመረበት ላይ ቁሙና ተረከዛችሁን ወደ ታች፣ ነጠላውን እየተቃወማችሁ፣ በግማሽ ጉልበት ለስድስት ሰከንድ ግፉ፣ ልቀቁ፣ ትንፋሽ አውጡ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዙ። ሶስቴ። ብዙ ጊዜ እዛው ቀን ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ሌላው ማጠንከር ነው። መገጣጠሚያውን እስከ ጥጉ እየወሰዱ ክብደት መስራት ከማፍታታት ባልተናነሰ ሰውነትን ያላላል። አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉና በሁለት እጅ ይዛችሁ፣ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ ታጥፎ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጎንበስ በሉ፣ ታፋ ሲወጠር ተነሱ። ከስምንት እስከ አስር ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። እኔ ከ33 ያለፍኩት በዚህ ነው።

ሯጭ ነኝ፣ በጣም መተጣጠፍ ያስፈልገኛል?

የረጅም ርቀት ከሆነ እንደሚወራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የጆንስ ጥናት 34 አለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው ወንድ ሯጮችን በዚሁ ተቀምጦ መድረስ ለክቶ፣ ብዙ የማይደርሱት በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ ያነሰ ኦክስጅን እንደሚጠቀሙ ነው ያገኘው። የጠነከረ ጡንቻና ጅማት እንደ ሞላ ገፍቶ ይመልሳል። ሰንዳፋና ሱሉልታ አስፋልት ላይ ጠዋት የምታዩአቸው ልጆች እርምጃቸው የሚፈልገውን ያህል ከተፍታቱ ይበቃቸዋል፣ ቁርጭምጭሚትና ብሽሽት ላይ ያተኩሩ።

እኔ ደሞ ያለ ልክ እተጣጠፋለሁ፣ ይሄ ጥሩ አይደል?

አውራ ጣታችሁ ታጥፎ ክንዳችሁን ከነካ፣ ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ ካለፈች፣ ክርንና ጉልበታችሁ ወደ ኋላ ከታጠፈ፣ ጉልበት ሳታጥፉ መዳፋችሁ ሙሉውን መሬት ላይ ካረፈ፣ መገጣጠሚያችሁ በተፈጥሮ የላላ ነው። ሃኪሞች ቤይተን በሚባል ከ9 በሚታሰብ ነጥብ ይለኩታል። እንደዚህ አይነት ሰው "ተሳስሬያለሁ" ብሎ ቢያፍታታም መወጠሩ አይለቀውም፣ ጡንቻው የላላውን መገጣጠሚያ ለመያዝ ስለሚታገል ነው የሚወጠረው። መለጠጡን ቀንሱና ማጠንከር ላይ ስሩ፣ ትከሻ ወይ ጉልበት ቆባ ደጋግሞ የሚወልቅ ከሆነ ሃኪም ይየው።

እግሬን ሳነሳ ይነዝረኛል፣ ዲስክም አለብህ ተብያለሁ፣ ልስራ?

መጀመሪያ ጡንቻ ነው ነርቭ ነው የሚለውን ለዩ። የጡንቻ መወጠር ታፋ መሃል ላይ ሰፋ ብሎ ይሰማል። የነርቭ ግን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፣ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ተቀምጣችሁ እግር ዘርግታችሁ ንዝረቱ ሲጀምር አንገታችሁን ብቻ ቀና አርጉ፣ ታፋችሁ ሳይንቀሳቀስ ስሜቱ ከቀነሰ ነርቭ ነው የተወጠረው። ነርቭ እየተለጠጠ አይድንም፣ የነጠላውንም የማጎንበሱንም ስራ አቁሙና ሃኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂዱ፣ እስከዛው በማያማችሁ መጠን መራመድ ጥሩ ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገብ ማሳሸት ግን በዚህ ሁኔታ ላይ አይሞከር፣ ለወጌሻ ክብር አለኝ፣ ዲስኩ የት ጋ ነርቩን እንደነካ ግን በእጅ ዳሶ ማወቅ አይቻልም።

ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይ ሽንት እምቢ ካለ፣ በሁለቱ ታፋዎች መሃል ስትቀመጡበት ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይ እግር እየከዳችሁ ከመጣ፣ ለነገ አይባልም። ሰአቱ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሳችሁ መኪና ፈልጋችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ።